ያልተነበበው እጅ

በኮምቦልቻ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ምላሱን ያወጣል። ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ፋብሪካ የሚገባ የለ፣ ጡረተኛ የለ፤ በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ካለችው መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ምላሱን አሳይቶ፣ እጁን ሰጥቶ፣ የቀኑን ስም ተቀብሎ ይሄዳል። እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ፤ ከአምስቱ አንዱን። ሐዘን ያደረበት ብረት ነው፤ ፍርሃት ያደረበት ውሃ፤ ሐሳብ የሚያመነዥክ አፈር። እንጨት የቁጣ ነው፣ እሳት ደግሞ የልብ ነው ይባላል እንጂ፣ እንጨትና እሳት የወጣለት ሰው በከተማው ታይቶ አይታወቅም።

መስኮቷ ሁለት ጊዜ ነው የምትጠይቀው። "እጅዎን" ትላለች፤ ቆይታ ደግሞ "እጅዎን" ትላለች። ሰዉም ቀኙን ይሰጣል፣ ግራውን ከክንዱ ሥር ደገፍ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ። ሁለተኛ ስትጠይቅ ያንኑ ቀኝ አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል። ለመስኮትም ቢሆን ሥርዓት ሥርዓት ነው።

"ትርታህ እንዴት አደረ?" ይባባላሉ ከሰልፉ ሲወጡ።

"ተመስገን፣ አፈር ነኝ።"

"እንግዲህ ሁላችንም አፈር ነን።"

ይህ ሁሉ ሕክምና "ሁለት ወንዝ" ይባላል። አንዱ ወንዝ ከቻይና የመጣ ነው፤ ትርታ ማንበቡ፣ የሥር ሻዩ፣ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ቀስ እያሉ መራመዱ፣ "አትታገለው፣ ልቀቀው" የሚለው ትምህርት። ሁለተኛው ከምዕራብ የመጣ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መነጋገሩ፣ የሐሳብ ደብተሩ፣ "ማስረጃህ ምንድን ነው?" የሚለው ጥያቄ። ሁለቱን ቀላቅለው ለከተማው ማጠጣት ከጀመሩ አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ ሰዉም ለመደው። ገበያ ላይ "ቲማቲሙ የዛሬ ነው" ያለ ነጋዴ "ማስረጃህ?" ይባላል። ልጇን የምትቆጣ እናት መሀል ላይ ቆም ትልና "እሺ፣ ለቀቅሁት" ትላለች፤ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ትቆጣለች።

ሶልያና ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በተወለደች ጊዜ ስሟ የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ሶልያና ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ከዘራና የጉልበት ቅባት ነው። ባሏ ናሆም ሰባ አንድ ሞልቶታል። የባቡር ተቀማጭ ነበር። ባቡሩ ራሱን ይነዳል፤ የናሆም ሥራ መቀመጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግራ እጁን የፍሬኑ ዘንግ ላይ አድርጎ ከአዋሽ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዋሽ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ጨዋታ አዋቂ ነበር። "እኔ እኮ ባቡሩ ብቻውን እንዳይፈራ ነው የምሄደው" እያለ ሰፈሩን ያስቅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ንግግሩ ሁሉ ሦስት ቃል ሆነ፤ "እህ"፣ "ደህና"፣ "ይመስገን"። ሶልያና ብትጠይቅ፣ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ደህና" ይላል፤ ሐኪም ሲጠይቀው "ይመስገን" ይላል። መስኮቷም በየቀኑ "አፈር" ትለዋለች። አርባ ሳምንት ሁለት ወንዝ ሐኪም ቤት ተመላለሰ። አርባ ሳምንት ሙሉ "ሐሳቡን አይታገሉት ጋሽ ናሆም፣ ይልቀቁት" ተባለ። ከዚያ በመጣ ቁጥር ሳይሄድ ከነበረው ብሶ ይመጣል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ግራ እጁን ብብቱ ውስጥ ይሸሽጋል። ሶልያና ብርድ ይመስላት ነበር። ጓንት ሠራችለት።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤው መጣ። አጭር ነው። አርብ የመጨረሻ ንባብ፤ ለውጥ ከሌለ ቅዳሜ ዝውውር፣ ወደ ተራራው ማረፊያ።

ስለ ማረፊያው ክፉ የተናገረ ሰው የለም። ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ ሙዚቃው ቀስ ያለ ነው። ከዚያ የተመለሰም የለም። ማንም ስለከለከለ አይደለም፤ መመለስ የሚፈልግ ስላልተገኘ ነው። የፎቁ ጎረቤቷ አርሴማ አምና ባሏን ልትጠይቅ ወጥታ ነበር። "ደህና ነው" አለች ስትመለስ። "አምሮበታል፣ በደንብ ነው የተቀበለኝ። ስሜን ግን ጠየቀኝ።"

"እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ማለት ይኸ ነው!" አለች ሶልያና ደብዳቤውን አጣጥፋ። "የኔን ባል አይወስደውም።"

አለች እንጂ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ልብስ የሞላ ሳፋ ይዛ ደረጃ ስትወርድ አዳለጣትና ወደቀች፤ ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቀስ ብሎ መራመድ ተምራ፣ የወደቀችው በሩጫ ነው። ጄሶ አሰሩላት። ናሆም ሆስፒታል ድረስ አብሯት ሄደ፤ ቦርሳዋን ይዞ ቆመ፤ "እህ" አለ። ያችን "እህ" ስትሰማ ማልቀስ አማራት። ግን ሰው ፊት ነበረችና ዋጠችው፤ ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ወትሮው ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ምላሷን አሳየች። መስኮቷ "እጅዎን" አለች። ሶልያና ጄሶውን አየችው፣ መስኮቷን አየቻት፣ ዙሪያዋን ገላመጠች። ከኋላዋ አርሴማ አለች፤ ከአርሴማ ኋላ ጡረታ የወጣው አናጢ ጋሽ ኪሩቤል። ምን ታድርግ?

"ግራዬ ነው፤ ይቅርታ" አለቻት መስኮቷን፣ ግራ እጇንም ሰጠች።

መስኮቷ ሁልጊዜ የማሳል ያህል ነው የምትቆየው፤ አሁን ግን ጸሎት የማድረስ ያህል ቆየች። ቀጥላ በዚያው ባልሞቀ ባልበረደ ድምፅዋ ተናገረች።

"እሳት። ልብ። ብርቱ ጭንቀት፣ ለሚወዱት ሰው። እባክዎ ዛሬ ብቻዎን አይሁኑ።"

ሶልያና ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል አለቀሰች። እውነት ነዋ! ሦስት ዓመት ሙሉ ተጨንቃ ነበር፤ ሌሊት እየነቃች ትንፋሹን ስታዳምጥ፣ ሲያስነጥስ ስትደነግጥ ኖራለች። ለማንም አልነገረችም፤ ለራሷም ቢሆን። በየቀኑ "አፈር" እየተባለች የሥር ሻይዋን ጠጥታ ደብተሯን ሞልታ ነው የኖረችው። ምን ዓይነት ሻይ ነው ለዚህ የሚሆነው?

አርሴማ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። "ምን አለችሽ እትዬ?"

"እሳት።"

"እሳት? እሳት ደግሞ ለማን ወጥቶ ያውቃል?"

ሶልያና ለቅሶዋን አቆመች። እውነት ነው፣ ለማን ወጥቶ ያውቃል? ጄሶዋን አየች፤ ግራ እጇን አየች። ዓይኗ ከመስኮቷ በላይ ወዳለው ሥዕል ሄደ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየችው ሥዕል ነው፤ ሁለት እጆች፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የተዘረጉ። ሁሉም ሰው ሰላምታ መስሎት ነበር።

"ጋሽ ኪሩቤል!" ብላ ተጣራች። "ና እስቲ፣ ግራህን ስጣት።"

"ለማን?"

"ለመስኮቷ ነዋ።"

"በጠዋቱ? ኧረ ነውር ነው! መስኮት ብትሆንስ?"

"ስጣት ስልህ!"

ኪሩቤል እያጉተመተመ ተመለሰ፤ እጁ ሊሰረቅበት ያለ ይመስል በፍርሃት ግራውን አስቀመጠ። መስኮቷ ቆየች። "እንጨት። ጉበት። የቆየ ቁጣ፣ በወንድም ላይ።" ኪሩቤል ፊቱ ቀላ። ከወንድሙ ጋር በአባታቸው ቤት ጉዳይ ከተኳረፈ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን መስኮቷ ገና ዛሬ አወቀች። አርሴማም ሰጠች። እሳት። ተራዋን ጨርሳ ስትመለስ የስልኳን ክዳን ከፍታ የባሏን ፎቶ ታይ ጀመር።

ሶልያና የሐሳብ ደብተሯን አወጣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ "ማስረጃ" በሚለው ዓምድ ሥር የምትጽፈው ነገር ነበራት፤ ጽፋ በማታውቅበት በግራ እጇ፣ ተንጋዶ ተንጋዶ።

የሁለት ወንዝ ሐኪም ዶክተር ሊን ይማም ትባላለች። እናቷ ቻይናዊት ነበረች፣ አባቷ የሐይቅ ከተማ ሰው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ሃምሳ ሊሞላት ነው፤ ስትደነግጥ "ወይ ጉዴ!" ነው የምትለው። ሶልያና ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ዶክተር ሊን መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገችው፤ መልሳ አላደረገችውም።

"ቀኝ እጅ ሳንባና ጣፊያ ነው የሚነበብበት" አለች በመጨረሻ። "ሐዘንና ሐሳብ። ልብና ጉበት ግራ እጅ ላይ ናቸው፤ የፍርሃቱ ኩላሊት በሁለቱም አለ። የእናቴ እናት በሦስት ጣቷ ነበር የምታነበው፤ ሁለቱንም እጅ ይዛ። እኔ ግን ከመስኮቷ የሚመጣልኝን ወረቀት ነው የማነበው። አስራ አንድ ዓመት! መስኮቷን የሠሩት ሰዎች ሁለተኛ ስትጠይቅ ሰው እጁን ይቀይራል ብለው ነው። በሌላ አገር ይቀይራል።"

"አንቺስ? እዚህ አይደል ያደግሽው? እንዴት አልታየሽም?"

"እዚህ ስላደግሁ ነዋ እትዬ ሶልያና!" አለች ሐኪሟ፤ ልትስቅም ልታለቅስም ያሰበች መሰለች። "እኔስ ግራዬን ሰጥቼ አውቃለሁ?"

አርብ ዕለት ናሆም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጓንቱን ግራ እጁ ላይ አድርጓል። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የዝውውር ወረቀት አለ፤ ስሙ ተሞልቶ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ዶክተር ሊን ክፍሉ ውስጥ ያለችውንም መስኮት አጠፋቻት። ወንበሯንም ወደ እሱ ሳብ አደረገች።

"ጋሽ ናሆም፣ ዛሬ በጣቴ ነው የማነብዎት። ግራ እጅዎን ይስጡኝ።"

ናሆም እጁን ይበልጥ ሸሸገ። "አይሆንም።"

በሦስት ዓመት ውስጥ የተናገረው አዲስ ቃል ይህ ነበር።

"ለምን ጋሼ?"

"ግራ አይሰጥም። ለሐኪም፣ ለሴት ልጅ፣ ተቀምጬ። አባቴ እንዲህ አላሳደገኝም።"

ሐኪሟ ሶልያናን አየቻት። ሶልያና ትዕግሥቷ አለቀ። ሰኞ የጀመረው፣ እንዲያውም ከሦስት ዓመት በፊት የጀመረው ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ።

"አንተ ሰውዬ! ነገ ሊወስዱህ ነው እኮ! ተራራ ላይ አስቀምጠውህ ስሜን ልትጠይቀኝ ነው! አንተ ለነውር ትጨነቃለህ፤ እኔስ? እኔ ባዶ ቤት ብቻዬን ስቀር ነውር አይደለም? ፈርቻለሁ ናሆም! ሌሊት ሌሊት ትንፋሽህን እያዳመጥኩ ነው የማድረው፤ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አላውቅም! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ይሆናል፤ ባልም አይወጣበትም!"

ናሆም ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ድሮ የምታውቀው ሰው ነበር፣ ሩቅ፣ ግን ነበር።

"ትልቅ ሰው የሆነ ነገር ሲሰጥህ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በስንት እጅ ነው የምትቀበለው?"

"በሁለት" አለ።

"እንግዲያው በሁለት ስጣት።"

ዶክተር ሊን ገባት። ሁለት መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደሚቀበል ሰው፣ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ናሆም ጓንቱን በጥርሱ ሳበና አወለቀ፤ ሁለቱንም እጁን አንድ ላይ ሰጣት።

ሦስት ጣቷን ቀኙ ላይ፣ ሦስት ጣቷን ግራው ላይ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ወይ ጉዴ" አለች ሐኪሟ በሹክሹክታ። "ይኸ የሚሮጥ ሰው ልብ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚሮጡት። ከምንድን ነው የሚሸሹት ጋሽ ናሆም?"

"ከዚች" አለ ናሆም፣ ግራ እጁን እያየ።

ከዚያ ተናገረ። ቀስ እያለ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ግን ተናገረ። አቧራ የበዛበት ቀን ነበር። ከካራቆሬ ወዲህ ያለችው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ሐዲዱ ላይ ነጭ ነገር አየ። ባቡሩ "መንገዱ ንጹሕ ነው" አለ። ግራ እጁ ሳያዛት ፍሬኑን ሳበች፤ ባቡሩ ጮኸ። "መንገዱ ንጹሕ ነው፤ እርግጠኛ ነህ?" ሲል ጠየቀው። መመሪያው የታወቀ ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ተቀማጭ ፍሬኑን ይለቃል።

"ለቀቅሁት" አለ ናሆም። "ሰው ነበር። ግመሎች የሚነዳ ሰው። ለቀቅሁት።"

ዶክተር ሊን እጆቹን እንደያዘች ፊቷ ተለወጠ። አርባ ሳምንት ምን ስትለው እንደኖረች አሁን ነው የታያት። አርባ ጊዜ በፈገግታ፣ በዚሁ ክፍል፣ "ይልቀቁት" ብላዋለች፤ ሰውየውን ያሳመመው መልቀቁ ሆኖ ሳለ።

"አፉ ይበሉኝ ጋሽ ናሆም" አለች፣ የሰፈሯ ይቅርታ አጠያየቅ ነው፤ እንባዋን አልደበቀችም። "ሕመሙን መድኃኒት ነው ብዬ ሳጠጣዎት ነው የከረምኩት። ልቀቀው የሚለው ትምህርት ውሸት አይደለም። ውሃ ድንጋይ ሲያገኝ አይከራከርም፣ ዞሮት ይሄዳል። ግን መጀመሪያ ድንጋዩ የት እንዳለ ማየት ነበረብኝ። እርስዎ ውጠውት ተቀምጠዋል።"

"ገድየዋለሁ" አለ ናሆም።

ሐኪሟ ሌላኛውን ወንዝ አመጣች። ያንን ከተማው ሁሉ የሰለቸውን ጥያቄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ጠየቀችው።

"ማስረጃዎ ምንድን ነው?"

"ባቡሩ አልቆመም" አለ ናሆም። "ከኋላ አቧራ ብቻ ነበር። ሪፖርቱ የሰው ስህተት የለም፣ ሁለት ግመል፣ ይላል። ስለ ሰውየው አንድም ነገር የለውም።"

"እርስዎስ ጠየቁ?"

"ፈራሁ።"

"ሞቶ ሊሆን ይችላል" አለች ዶክተር ሊን። "አላታልልዎትም። ግን አያውቁም። ሂደው ይጠይቁ። ስድስቱ ትርታ፣ በየእጁ ሦስት ሦስቱ፣ ሳይነበብ በሰው ላይ አይወሰንም የሚል ደንብ መመሪያው መጀመሪያ ላይ አለ፤ ማንም ገልጦት አያውቅም እንጂ። የዛሬ ሳምንት ስድስቱንም አሟልቼ እንደገና አነባለሁ። ያኔ የሚወጣው ውሳኔ ይጸናል።" የዝውውሩን ወረቀት ከግድግዳው አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "ማረፊያ ያሉትም እንደገና ይነበባሉ፤ ነገ ራሴ እወጣለሁ።"

ሰኞ ዕለት የኮምቦልቻ ሰው በሙሉ ሥራ አረፈደ። በየመስኮቱ ላይ "ሁለቱንም እጅዎን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበርና ሰልፉ አስፋልት ድረስ ወጣ። እሳት የወጣለት፣ እንጨት የወጣለት፣ ተቀምጦ የሚያለቅስ፣ ስልክ የሚደውል። ኪሩቤል ወደ ወንድሙ ሊሄድ ጫማውን ሲያስጠርግ ታየ፤ ሊታረቅ ይሁን ሊማታ አልተናገረም።

ሶልያናና ናሆም ይህን ሁሉ ትተው ባቡር ተሳፈሩ። ፊት ያለው የተቀማጩ ወንበር ተነስቷል፤ በቦታው የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ናሆም አበባውን አየው። ጠመዝማዛዋ ጋ ሲደርሱ ግራ እጁ አየር ላይ አንድ ነገር ጨበጠች። ሶልያና በደህናው እጇ ያዘችለት፤ ጠመዝማዛዋ እስክታልፍ አልለቀቀችውም።

ካራቆሬ ጣቢያ በር ላይ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። ናሆም መጠየቅ አቃተው። ሶልያና ጠየቀችለት። "እህቴ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ባቡር ግመሎቹን የገጨበት ሰው ነበር አሉ…"

"ባቡር የሳተውን ጦይብ ነው የምትይው?" አለች ሴትዮዋ፣ ሻዩን እየቀዳች።

ናሆም ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለ።

"ባቡር የሳተው?"

"ስሙ ነው እኮ። ያውና፣ ከግመሎቹ መሀል የቆመው። ጦይብ! እንግዶች ይፈልጉሃል!"

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ግመሎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ እየሳቀ መጣ። የቀኝ እጅጌው ባዶ ነበር፤ ትከሻው ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሽማግሌ እንግዳ ፊት ሲደርስ ሳቁን ሰብሰብ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ እጁንም ዘረጋ።

"ግራዬ ነው አባቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

ይቅርታ ሊል የመጣው ናሆም ነበር። ሶልያና የገፋችው መሰላት፤ ግን አልገፋችውም፣ ክንዷ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ናሆም ሦስት ዓመት የሸሸጋትን እጁን አወጣና ሰጠው። ግራ በግራ ተጨባበጡ። ቀኙን ደግሞ ከላይ ደረበበት።

"ባቡሩ ላይ ተቀማጩ እኔ ነበርኩ" አለ። "ያን ቀን። ፍሬኑን ያዝኩት፤ ከዚያ ለቀቅሁት። ሦስት ዓመት ገድየሃለሁ ብዬ… እጅህን፣ ግመሎችህን… ልጄ፣ ይቅር በለኝ።"

ጦይብ ፈገግታው ጠፋ። ባዶ እጅጌውን አየ፤ ወደ ሐዲዱ አየ። እጁን ግን አልሳበም።

"ክንዴን የጨረሰችው የወደቀችብኝ ግመል ናት" አለ። "ብዙ ወር ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ቤቴ የቆመው በሁለቱ ግመሎች ነበር።" የሽማግሌውን ፊት አተኩሮ አየ። "የቱን ነው ያዝኩት የሚሉት? ያ ጩኸት የእርስዎ ነበር?"

"የቱ ጩኸት?"

"ፍሬኑ! እኔ እኮ ጆሮዬን በሻሽ ጠምጥሜ፣ አቧራው አሳውሮኝ፣ ሐዲዱ ላይ መቆሜንም አላወቅሁ። ድንገት ባቡሩ ጮኸ። አንዴ ብቻ፣ እንደ ታረደ በግ። ቀና አልኩ፤ ዘለልኩ። ባይጮህ ኖሮ እዚያው ነበርኩ። ማነው ያስጮኸው እያልኩ ስንት ዓመት ሰውን ሁሉ ስጠይቅ! ያተረፉኝማ እርስዎ ነዎት፤ አብሽሩ አባቴ፣ አብሽሩ!"

የናሆም እንባ ጢሙ ላይ ወረደ። ለማመን ፈልጎ፣ ማመን ፈርቶ፣ አርባ ሳምንት ስታስጠላው የኖረችው ጥያቄ ከአፉ አመለጠችው።

"ማስረጃህ ምንድን ነው?"

"ማስረጃ?" አለ ጦይብ። እጁን ሳይለቅ፣ ግመሎቹ ዞረው እስኪያዩት ድረስ ሳቀ። "እኔ ነኛ፣ ወላሂ! ይኸው ቆሜ የማናግርዎት!"